በትራሳችን ላይ ስላስቀመጧት ካርድ

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። አባትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ፤ ዐርፈው ከሆነም ማረፋቸውን የነገረዎ ሰው አስቀምጦ፣ እጅዎን ይዞ፣ ዓይንዎን እያየ የነገረዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ባለፈው ወር መጨረሻ ቅዳሜና እሁድን ከባለቤቴ ጋር በማረፊያዎ ያሳለፍኩ፣ በሙያዬ አሳንሰር ጠጋኝ የሆንኩ፣ በዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ እንግዳዎ ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ አይፈረድብዎትም፤ በጀልባ ተጎትተው ወደ ዳር ከመጡት ሁለት ሰዎች ወፍራሙ እኔ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን ወርኃዊ ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እርስዎን አደባባይ ለማውጣት አይደለም። ቋንቋችንን እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ ትርጉሙን ለብቻው በአድራሻዎ ልኬያለሁ። ነገር ግን ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር የምታነብ አንዲት ሰው አለች፤ እርሷም ከዚያ እሁድ ወዲህ ከአፌ የሚወጣውን ማመን ስላቆመች፣ ምናልባት በማተሚያ ቤት ያለፈ ቃል ታምን ይሆናል ብዬ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ከማቅረቤ በፊት ወደ ማረፊያዎ ይዤው የመጣሁትን ጓዝ ልግለጽ። ከዚያ ቅዳሜ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ በአንድ የቢሮ ሕንፃ በአራተኛውና በአምስተኛው ፎቅ መካከል አሳንሰሩ ጣሪያ ላይ ቆሜ ገመድ ስፈትሽ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአገር ቤት ደወለ። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ማረፋቸውን፣ መቀበራቸውንም ነገረኝ፤ እኅቱ በስልክ እንዳትሰማ፣ እኔው ሰው ሰብስቤ በዘዴ እንዳረዳት አደራ አለኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደዋዛ እንደማይነገር እርስዎ ላያውቁ ይችላሉ። ዘመድ አዝማድ በማለዳ በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ሰውየው ገና ፊታቸውን ሲያይ ይገባዋል፤ ሲወድቅም የሚይዘው ክንድ አያጣም። እኛ ባለንበት ከተማ ያለን ወገን ሦስት ቤት ነው፤ ሦስቱም በፈረቃ ስለሚሠሩ አብረው ሊመጡ የሚችሉት በሁለተኛው ሰኞ ማለዳ ብቻ ሆነ። እስከዚያው የሆዴን በሆዴ ይዤ ከባለቤቴ ጋር በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ። በመካከል በነበረው ቅዳሜ እንደ ልማዷ ለአባቷ ስትደውል ወንድሟ ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶታል አላት፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ የጉንፋን መድኃኒት መከርኩ።

ቀኑ ሲቃረብ ግን ሰዎቹ ድንገት በር ከሚያንኳኩባት፣ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ወስጄ እኔው በለሆሳስ ብነግራት ይሻላል አልኩ። ሚስቱን ለመርዶ ሽርሽር የሚወስድ ባል እስከዛሬ አስተናግደው ካላወቁ፣ የመጀመሪያዎ በመሆኔ ክብር ይሰማኛል።

አንደኛ፤ ስለላኩልን የመንገድ መግለጫ አመሰግናለሁ። መግለጫዎ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ስላደረሰን ሐይቁን በሙሉ ዞረን ለመምጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ጨመርን። በመኪናው ውስጥ ወሬውን ለማለዘብ አምስት ጊዜ ያህል «መቼም የሰው ልጅ…» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ አምስቱንም ጊዜ ባለቤቴ ወፍ አሳየችኝ። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ደስታዋ ይጨምር ነበርና መንገድ መሳታችንን እንኳ እንደ ስጦታ ቆጠረችው። የኋላው ወንበር ላይ ከአንድ ሻንጣ በቀር ምንም አልነበረም፤ ይሁንና ያን ሁሉ መንገድ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ለማየት አልደፈርኩም።

ሁለተኛ፤ ስለ ቅጽዎ። ቅጽዎ «የመጡበት ምክንያት» ብሎ ሦስት ሣጥን ይሰጣል፦ ዕረፍት፣ ሥራ፣ ልዩ አጋጣሚ። መርዶ ዕረፍትም ሥራም ስላልሆነብኝ ልዩ አጋጣሚ ላይ ምልክት አደረግኩ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። የክፍላችንን በር ስንከፍት ጣሪያ የሞላ ፊኛ፣ ከፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎችና «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ጽሑፍ ተቀበሉን። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራውና ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው አንሶላ ስታጥፍ የምትውለው ባለቤቴ፣ ለእርሷ ተብሎ የታጠፈ ፎጣ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ዐሥረኛ ዓመታችን መሆኑን ረስተሃል ብዬ ነበር» አለችኝ። ረስቼው ነበር። አዎ፣ ለዚያ ነው የመጣነው አልኳት።

ከዚያም ዘወር ስትልልኝ ወደ ታች ወርጄ፣ ለእንግዳ ተቀባይዎ ፊኛዎቹ እንዲነሱ ጠየቅሁ። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ደብቄ መኖር ታክቶኝ ስለነበር እውነቱን ነገርኳት፤ የባለቤቴ አባት ሞተዋል፣ እርሷ ግን ገና አልሰማችም አልኳት። ደግ ሴት ነች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አዘነችልኝና ትልቁን መዝገብ ስባ ጻፈች። ሁሉ ነገር በሚጻፍበት አገር በመኖሬ ያን ጊዜ ተጽናናሁ።

ሦስተኛ፤ በእግር ስለምትገፋው ጀልባዎ አመሰግናለሁ። ሐይቁ መካከል ስንደርስ ልነግራት ወስኜ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ የጀልባዋ ሰንሰለት ወለቀ። ሁለታችንም አገጫችን ድረስ በሚያንቅ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ታጥረን፣ የዳርቻው ጠባቂ በገመድ ሊጎትተን እስኪመጣ ስንሽከረከር ባለቤቴ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በዚያ ሰደርያ ውስጥ ሆኖ አባትሽ ሞተዋል የሚል ሰው ካለ ያምጡልኝና ልየው።

አራተኛው አጭር ነው። በክፍላችን ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ፣ ጎረቤት ውኃ በከፈተ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያስልና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ባለቤቴ ፀጉሯን እያበጠረች «ልክ እንደ አባባ» አለች፤ ለቧንቧውም እንደ ልጅነቷ «ይማርህ» አለችው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሙያዬ የብረት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለይቼ አውቃለሁ፤ የዚያን ግን ልለየው አልፈለግኩም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁጥር የማልሰጠው አንድ ነገር አለ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ልጃቸው የትም ብትሄድ መጀመሪያ የሚጠይቋት «ስንት እርምጃ ነው?» ብለው ነው። የምንኖርበትን ኮሪደር፣ የሆስፒታሉን ግቢ፣ እኔ የምጠግናቸውን ሕንፃዎች ሁሉ በእርምጃ ለክታ ነግራቸዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ የገባውን የእንጨት ድልድይዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየቆጠረች ሄደች። ስልካቸው ስላልተነሳ የድምፅ መልእክት ላከች፦ «አባባ፣ ስልሳ አራት እርምጃ። እኔ ነኝ የለካሁት። ሲሻልህ ደውልልኝ።» እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ፣ እሁድ፣ ቁርስ ላይ ስልኳን ስታይ መልእክቱ መሰማቱን የሚያሳየው ምልክት ተለውጦ አገኘችው። «አባባ ሰማኝ» አለች፤ ዳቦ ጨመረች። የሟች ስልክ በእጁ ያለው ወንድሟ ከፍቶት እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ። ከዚህ በኋላ አንድ ደቂቃ ብዘገይ ከሰው አልቆጠርም ብዬ እጇን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ፤ ፍቅር መስሏት እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ካርዷ። ክፍሉ ተጠርጎ፣ አንሶላው ተለውጦ፣ ፊኛዎቹ ግን እንዳሉ ነበሩ። በባለቤቴ ትራስ ላይ ነጭ አበባ የታተመባት ካርድ ተቀምጣለች። የዚህን አገር ቋንቋ ከእኔ ይልቅ እርሷ ታነባለች። «በአባትዎ ሕልፈት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን፤ ቆይታዎ አስደሳች እንዲሆን እንመኛለን» ይላል። ቆማ አነበበችው። ገልብጣ የክፍል ቁጥር ፈለገችበት። ከዚያም በደህና ድምፅ «የሌላ ሰው ነው፤ ክፍል ተሳስተዋል። ወስደህ ስጣቸው፣ ባለቤቶቹ ሳያገኙት እንዳይቀሩ» ብላ ዘረጋችልኝ።

አልተቀበልኳትም። በእኛ ወግ ሰው መርዶውን የሚረዳው ከፊት ነው ብዬዎት ነበር፤ እርሷም ቀና ብላ ፊቴን አየችና ተረዳች። ስትወድቅ የያዛት የእኔ ክንድ ሳይሆን የእርስዎ አልጋ ነው፤ ስለ አልጋው ምቾትም አመሰግናለሁ።

በመመለሻው መንገድ አላለቀሰችም። ቀን እየቆጠረች ጠየቀችኝ። ሐሙስ ዕለት ጫማ ስገዛ ታውቅ ነበር? አዎ። አርብ ስዘፍን? አዎ። ጉንፋን ነው ሲሉኝ፣ ዝንጅብል ይጠጡ ስትል? አዎ። ዐሥራ አንዱንም ቀን አንድ በአንድ ወሰደችብኝ፤ ለእርሷ የኖረቻቸው ቀናት ነበሩ፣ አሁን አንዱም የእርሷ አይደለም። ሰኞ ማለዳ ሦስቱ ቤተሰቦች በሩን ሲያንኳኩ የከፈተችላቸው ራሷ ነች፤ «አውቄያለሁ፣ ግቡ» አለቻቸው። እነርሱ አለቀሱ፣ እርሷ ወንበር አቀረበችላቸው።

ለጻፍኩልዎ ቅሬታ በሁለት ቀን ውስጥ ስለሰጡኝ መልስም ምስጋናዬ ይድረስዎ። አሠራሩ በትክክል መፈጸሙን፣ የቅዳሜዋ ባልደረባዎ በመዝገቡ ላይ ሐዘን መኖሩን መጻፏን፣ የእሁዱ ፈረቃም በደንቡ መሠረት ካርድ ማስቀመጡን አስረድተውኛል። «ገና አልሰማችም» የሚል ሣጥን በመዝገብዎ ላይ የለም። ልክ ነዎት። በእኛ መዝገብ ደግሞ ያለው እርሱ ብቻ ነው።

ልቆጣዎት ብዬ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚያስቆመኝ ነገር ይኸው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ወንድሞቿ ያውቁ ነበር፤ አክስቶቿ፣ የሠፈሯ ሰው፣ ሦስቱ ቤተሰቦች፣ እንግዳ ተቀባይዎ፣ አንሶላ የለወጠችው ሠራተኛዎ ሁሉ ያውቁ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ሲያውቅ ለእርሷ እውነቱን የነገራት ማን ነው ቢሉ፣ አንዲት የታተመች ካርድ ነች። ይህን ያለችው እርሷ ነች፤ ሳትቆጣ ነው ያለችው። ካርዷን ከፓስፖርቷ ጋር አስቀምጣታለች። እኔ አፍሬያለሁ፤ ይህንንም ፊት ለፊት ብነግራት ስለማታምነኝ እዚህ ጻፍኩት።

አሁን በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ስሠራ ሁለት ጊዜ የሚስል ነገር እሰማለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልክ ሲጠራ ባለቤቴ ስልኩን ሳይሆን ፊቴን ታያለች። በየማለዳው ሻይ እየቀዳች «ሌላስ ማን ሞቷል?» ትለኛለች፤ ማንም አልሞተም እላታለሁ፤ እሺ ትላለች። ዐሥራ አንድ ቀን በዚያው ፊት ምሳ ስለበላሁ ፊቴ ከእንግዲህ ለምስክርነት አይበቃም።

ፊኛውን ሳያነሱ ካርዱን ላልረሱት፣ ከሐይቁ ማዶ አዙረው ከቤቴ ማዶ ላስቀመጡኝ ለእርስዎ፣ ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

በሦስተኛው ፎቅ፣ ቧንቧው በሚያልፍበት ክፍል ያረፈው
አሳንሰር ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ባለበት
ለሦስቱ ቤተሰቦች፣ በየፈረቃቸው
ለባለቤቴ፣ ከማንም በፊት ሊደርሳት ሲገባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቷ ከሐዘኑ ወዲህ ስልክ ይዘው መነጋገር ስላቃታቸው፣ ባለፈው ቅዳሜ አጭር የድምፅ መልእክት ላኩላት። ሁለት ጊዜ ሰማችውና ወደ እኔ ዞራ «ይኼ መቼ የተቀዳ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማልኩላት፤ መሐላዬን እንደዚያች ካርድ ገልብጣ አየችው። ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ውለታ እለምንዎታለሁ፤ በዚያችው ነጭ አበባ ባለባት ካርድ ላይ፣ ማኅተምዎን አድርገው፣ የባለቤቴ እናት በሕይወት መኖራቸውን ጽፈው ይላኩልን። አድራሻችን በመዝገብዎ ላይ አለ። እርስዎ ካሉ ታምናለች።