አጋማሹ ላይ ጥዬው የወጣሁት ፊልም

ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (እዚህ አገር ኖቬምበር አንድ ነው)፤ ጄኔቭ አጠገብ ቬርኒየ፣ ሊኞን በሚባለው ረጅሙ ሕንፃ፣ ዐሥረኛ ፎቅ፣ በገዛ ሳሎኔ ተቀምጬ የሰጠሁት ቃል።

እኔ ቢረሳው አስረስ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። የታመመው ልቤ እንጂ አእምሮዬ አይደለም። የፊታችን ማክሰኞ ሐኪሞች ደረቴን ከፍተው አንድ ቫልቭ ሊቀይሩልኝ ቀጠሮ ይዘዋል። ዶክተሯ እንደነገረችኝ ከመቶው ሰው ዘጠና አምስቱ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ፊልም ሳይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የማስበው ስለ አምስቱ ነው። ይህን ቃል እንድሰጥ ማንም አላስገደደኝም፤ እንዲያውም አቶ አስፋ ከጠዋት ጀምሮ «ተወው፣ ምን አጣደፈህ» እያለ ሊያስተወኝ ሲታገል ነበር።

የዚህ አገር ሕግ የሚፈልገው ወረቀት በፈረንሳይኛ ተጽፎ ኖተሩ፣ ማለትም ውል አዋዋዩ፣ ዘንድ ተቀምጧል። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ስለ እኔ ምንም አይናገርም። ይህን በአማርኛ የማስጽፈው በእኛ ቋንቋ ኑዛዜ ማለት ንብረትን ማከፋፈልም፣ ኃጢአትን መናገርም ስለሆነ ነው። ፈረንሳይኛው ለሁለቱ የተለያየ ቃል አለው፤ ስለዚህ ኖተሩ ዘንድ የተናዘዝኩት ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ ቀሪውን እጨርሳለሁ።

ጸሐፊዬ ወይዘሮ የወይንሐረግ ናት። በዓለም አቀፍ ድርጅት ሠላሳ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ኖራ በጡረታ የተገለለች ስለሆነች አንዲት ቃል አታመልጣትም። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንዱ አቶ አስፋ ነው፤ የአርባ ዓመት ወዳጄ ሲሆን ከአርባው ዐሥራ አንዱን ተኳርፈን አሳልፈናል። ሁለተኛው ጎረቤቴ አቶ ስምዖን ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል፣ ጌታን ካገኘ ወዲህ ሲኒማ ቤት አልገባም። ልጄ ዮሐና ዙሪክ አጠገብ ካለው ዲቤንዶርፍ መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወራሽ ስለሆነች ምስክር መሆን አትችልም፤ መስማት ግን ትችላለች።

አንደኛ። ስለ ፊልም ያለኝን አስተያየት የጻፍኩባቸው ሃያ ሦስት ደብተሮች ለአቶ አስፋ ይሰጡ። ሁለታችንም ጡረተኞች ነን፤ እሱ ግን ዐይኑ ከእኔ ይሻላል። በኅዳጉ ላይ «ተሳስተሃል» ብሎ እንዲጽፍ ፈቅጄለታለሁ፤ ድሮም ሳልፈቅድለት ይጽፍ ነበር።

ደብተሮቹን ለማንበብ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ፍሬ ነገሩን እነሆ። በልጅነታችን አዲስ አበባ ያየናቸው የሕንድ ፊልሞች ረዘሙ የሚል ሰው እሰማለሁ። አልረዘሙም፤ ሰው በደንብ እስኪያለቅስ ድረስ ይጠብቁታል እንጂ። የጣሊያን ካውቦይ ፊልሞችን የወደድኳቸው ሰውየው ከሚተኩስበት ጊዜ ይልቅ ትክ ብሎ የሚያይበት ጊዜ ስለሚበልጥ ነው። የአሁኖቹ መጀመሪያ ይተኩሳሉ፤ ማንን እንደተኮሱ በክፍል ሁለት ይነግሩናል። በሰማይ የሚበር ሰው ያለበትን ፊልም አልጠላም፤ ግን ሁሉም ከበረረ መሬት ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ማን ያሳየናል? የአገራችን አዳዲስ ፊልሞች ደረጃ ያለው ሳሎን አብዝተው ይወዳሉ፤ በዚያ ደረጃ አንዲት ቆንጆ ከወረደች ፍቅረኛዋ ወንድሟ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ቢሆንም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተዋናዮቻችን ዝም ማለት ተምረዋል። ይህን ሳላስመዘግብ ብሞት አድሏዊ እባል ነበር።

ስለ ቋንቋውም ልናገር። ጄኔቭ ውስጥ የተዋናዩን ድምፅ ስለሚቀይሩት ሽፍታው ሁሉ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ በተወለወለ ፈረንሳይኛ ይዘርፋል። ዙሪክ ይሻላል፤ የተዋናዩን ድምፅ አይነኩም። ነገር ግን ከሥር በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ደራርበው ስለሚጽፉ፣ አንዳንድ ተዋናይ አገጭ እንዳለው ያወቅኩት ከስንት ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ሳየው ነው። በስልክ ፊልም የሚያየውን ሰው በተመለከተ የምለው የለኝም፤ ንስሐ አባቱን ያነጋግር።

ሁለተኛ። ትልቁ ቴሌቪዥን ለአቶ ስምዖን ይሰጥ። ዜናና የአየር ሁኔታ ይይበት። እሌኒ ባለቤቴ በታመመችበት ዘመን፣ ሲነዳ ውሎ ደክሞት እንኳ ሆስፒታል ድረስ ያመላልሰን ነበር። ፊልም አያይም፤ ከማውቃቸው ፊልም አዋቂዎች ሁሉ ግን ሰው ማዳመጥ የሚችለው እሱ ነው።

ሦስተኛ። ፕላንፓሌ ሰልባጅ ገበያ የገዛሁት የድሮ ፕሮጀክተር ለአማቼ ለአቤል ይሰጥ። ኤሌክትሪሲያን ስለሆነ መብራቱን መጠገን ያውቅበታል። «አማቼ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ተናገርኩት፤ የወይንሐረግ፣ አስምሪበት።

አሁን ወደ ዋናው እገባለሁ። ውሃ አቀብሉኝ።

አራተኛ። ይህ ንብረት አይደለም። በ1978 ዓ.ም.፣ ወደ ጄኔቭ ሳልዛወር፣ ዙሪክ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ብቻዬን ሲኒማ ቤት ሄድኩ። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ስሙን አላስጽፍም፤ አስፋ በሰማው ቁጥር ይስቃል። ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። ልጅቷ አባቷ የማይወደውን ሰው ወድዳ ከቤት ልትወጣ ትነሣለች። አባትየው ሻንጣዋን ተሸክሞ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሸኛታል። አንድ ቃል አይናገርም። ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጀርባውን ያዞርና ይሄዳል። ስክሪኑ ጠቆረ፤ መብራት በራ።

እኔ ባደግሁበት ሲኒማ ቤት መብራት ከበራ አለቀ ማለት ነው። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። በር ላይ ሰዎች አይስክሬም ሲልሱ አየሁና «ይህን ካዩ በኋላ አይስክሬም! እነዚህ ሰዎች አንጀት የላቸውም» እያልኩ እስከ ትራሙ ፌርማታ ድረስ አዘንኩላቸው። ስዊሶች ፊልሙን አጋማሹ ላይ አቁመው ሰውን እንደሚያሳርፉ፣ ዙሪኮችም «ፓውዘ» እንደሚሉት ማንም አልነገረኝም።

ያንን «መጨረሻ» በየሠርጉም በየለቅሶ ቤቱም ስሰብከው ኖርኩ። ምንም የማያብራራ፣ ምንም የማይለምን፣ የወንድ ልጅ መጨረሻ እያልኩ አወደስኩት። አስፋም ፊልሙን በዚያው ሰሞን አይቶት ነበርና «መጨረሻውማ ልዩ ነው» ይለኝ ነበር። እንዲህ ስንባባል ሃያ ስምንት ዓመት ሲሆነን፣ ሁለታችንም በየፊናችን ያየነውን እያመሰገንን መሆኑን አላወቅንም።

በመስከረም 2007 ዓ.ም.፣ እናቷ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት፣ ዮሐና አቤልን ይዛ መጣች። ልጁ ጨዋ ነበር። ጴንጤ መሆኑን ብቻ አየሁ። እሷ «አብሬው ዙሪክ እሄዳለሁ» አለች። እኔም ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ ጄኔቭ ባቡር ጣቢያ፣ እስከ ኮርናቫን፣ ሸኘኋት። አንድ ቃል አልተናገርኩም። በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ እያየሁ ጀርባዬን አዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አላዘንኩም፤ ራሴን በስክሪን ላይ እያየሁ ነበር፤ አካሄዴም አምሮብኝ ነበር። ከኃጢአቴ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

በሳምንቱ አስፋ መጣና «ተነሥ፣ ተከተላት እንጂ! ሰውዬው እንኳ ተከትሏት ሄዷል» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?» አልኩት።

«የፊልሙ ነዋ!»

«የትም አልሄደም። ጀርባውን አዙሮ አለቀ።»

«ቢረሳው፣ የቀረ አንድ ሰዓት እኮ አለው! አንተ ምን አይተህ ነው?»

«ውሸታም» አልኩት። በፊልም ጉዳይ እኔን ለማረም የተነሣ መስሎኝ ነበር። ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ፤ ዘንድሮ ራሴ ደውዬ እስክጠራው ዐሥራ አንድ ዓመት አልተመለሰም። ዮሐና ደወለች፤ አላነሣሁም። ልጅ መውለዷን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰማሁ። ሩሐማ የምትባል የልጅ ልጅ እንዳለችኝ እያወቅኩ ማታ ማታ ስለ ሌሎች ሰዎች ልጆች ፊልም አይ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ጄኔቭ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ያንኑ ፊልም እንደገና ሲያሳይ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። አባትየው ጀርባውን ሲያዞር እንደ ልማዴ ተነሥቼ ኮቴን መልበስ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ እጅጌዬን ይዛ «ሙሲዬ፣ አላለቀም እኮ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሰውየው ትኬት ሲቆርጥ፣ ከከተማ ከተማ ሲጠይቅ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የማያውቀው ቤት በር ላይ ሲቆም አየሁ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሴትዮዋ መሐረቧን ሰጠችኝ፤ ሳልመልስላት ወጣሁ።

በማግሥቱ ዙሪክ ሄድኩ፤ ከዚያም ዲቤንዶርፍ። ደወሉን ስጫን ዮሐና ከፈተች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልላት የሚገባውን ሁሉ በባቡር ሳዘጋጅ መጥቼ፣ ከአፌ የወጣው «ፊልሙ አላለቀም ነበር» የሚል ሆነ።

«የቱ ፊልም?» አለችኝ። ቀጥላም «አባዬ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉ ናስ ነው» አለችኝ። እርጥብ ነው ማለቷ ነው። አወለቅኩ። ምሳ በላን። ሩሐማ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አያትን ምን እንደሚሉት ስለማታውቅ በጀርመንኛ ስሜን ጠየቀችኝ። አቤል ባቡር ጣቢያ ድረስ አደረሰኝ። ስለ ሾርባው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተነጋገርን። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ማናችንም አላነሣነውም፤ ከዚያ ወዲህም አላነሣነውም። ማክሰኞ ከመድረሱ በፊት ሰዎች ሰብስቤ ቃል የምሰጠው ለዚህ ነው።

አምስተኛ። ልጆቻቸው ከቤት ሲወጡባቸው ምክር ሊጠይቁኝ ለመጡ ሦስት አባቶች «ጀርባህን አዙር፣ እዚያ ላይ አሳምረህ ቁረጠው» ብዬ የሰጠሁትን ምክር ዛሬ ሰርዣለሁ። ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ግልባጭ ይላክላቸው።

ስድስተኛ። ከፈረሰ ሲኒማ ቤት ያመጣኋቸው ሁለት ቀይ ወንበሮች ለሩሐማ ይሰጡ። ምክሬም ይህ ነው፤ መጥፎ ፊልም ከሆነ ተነሥተሽ ውጪ፣ ግን ማለቁን አለማለቁን አጠገብሽ ያለውን ሰው ጠይቀሽ ውጪ። የቀረው የቤት ዕቃዬ ሁሉ የዮሐና ነው፤ እንደወደደች ታድርገው።

ሰባተኛ። ከሞትኩ ቀብሬ ላይ ፎቶዎቼን በዋሽንት አጅባችሁ ቪዲዮ እንዳታሠሩብኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ስንት ጊዜ ታግሼ አይቻለሁ፤ በራሴ ላይ ግን አልታገሥም።

ይኸው ተናገርኩ። እፎይ! የደረቴን ሕመም ሐኪሞቹ ይዩት፤ ሌላውን ግን ዛሬ አራግፌዋለሁ። ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል።

ልጄ ዮሐና፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ከዚህ በታች ያለው በጸሐፊዋ የተመዘገበ ነው።

ቃል ሰጪው ይህን ተናግረው ጨረሱ። ወይዘሮ ዮሐናም «ይቅር» አሉ።

ጸሐፊዋ ቃሉ ለሁለት ትርጉም የሚመች ስለሆነባት «ምኑ ነው የሚቀረው የኔ እመቤት? ኑዛዜው ነው ወይስ በደሉ? ለጽሑፉ ግልጽ መሆን አለበት» ስትል ጠየቀች።

አቶ አስፋ «ይቅር ብዬሃለሁ ማለቷ ነው እንጂ! አማርኛው አጥሯት ነው» አሉ። አቶ ስምዖን «ተዋት፣ ራሷ ትናገር» አሉ።

ወይዘሮ ዮሐና ከሶፋው ተነሥተው አባታቸው ወንበር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሁሉም» አሉ። «አባዬ፣ ሁሉም ይቅር። ደብተሩም፣ ወንበሩም፣ ኮርናቫንም ይቅር። አንተ ብቻ ማክሰኞ እንዳትቀር።»

ጸሐፊዋ «ጋሼ ቢረሳው፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው?» ብላ ጠየቀች።

ቃል ሰጪው እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አኖሩ። ከዚያም «እንዳለችው ጻፊው» አሉ።

ቃል ሰጪ፦ ቢረሳው አስረስ (ፈርመዋል)
ምስክር፦ አስፋ እንግዳ (መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ፈርመዋል)
ምስክር፦ ስምዖን ወዳጄ (ፈርመዋል)
ጸሐፊ፦ የወይንሐረግ በእምነት (ፈርማለች)

ወይዘሮ ዮሐና ቢረሳው ወራሽ ስለሆኑ አልፈረሙም። አባታቸው ሲፈርሙ ወረቀቱን የያዙላቸው እሳቸው ናቸው።