ከጋላክሲዎቹ መሀል የቀረችው ደመና

እህትዓለም፣
ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ፤ ስልክ ከሰማይ የሬድዮ ሞገድ የሚቀበሉትን አንቴናዎች ስለሚረብሽ እዚህ ጣቢያ ክልክል ነው። ትናንት ከአንድ የጋላክሲዎች ስብስብ የደረሰንን የሬድዮ ምስል ሳጸዳ፣ በመሀላቸው የተዘረጋችውን፣ የማግኔት ኃይል ይዞ ያቆያትን ስስ ደመና እድፍ መስላኝ አጠፋኋት። አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው፣ «ልጄ፣ የመጣሽው እኮ ለእሷ ነው። እሷን መልሺና ደማቆቹን ከምስሉ አውጪያቸው» አሉኝ። ምስሉን እንደነበረ መልሼ ጋላክሲዎቹን አንድ በአንድ ሳወጣቸው እሷ ብቻ ቀረች።

ቤታችንን አስታወሰችኝ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሳህን እያጠብሽ ስታንጎራጉሪ፣ እኔ ሬድዮውን ከፍ አደርግብሽ ነበር። ይህ ሁሉ አንቴና ተዘርግቶ ያንቺን ድምፅ ግን አያመጣልኝም።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ስመለስ ሬድዮውን አልነካውም።