ከአምስት ስንት ይከብድሻል?

ሰኞ
ዛሬም አገሬ ደርሼ የምመጣበትን ኢጃዛ፣ የእረፍት ፈቃድ፣ ሳልጠይቅ ዋልኩ። የምሠራበት የዓረብ ቤት ማዳም ራሷን አሟት ስለነበር ዋጥ አደረግኩት። ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ሐኪሙ ቶሎ ይውጣ ብሏል። እሷ ደግሞ "አንቺ ሳትመጪ ቢላ አይነካኝም" ብላ ቁጭ። እሷ ግትር፣ እኔ ፈሪ።

ከምሳ በኋላ የማዳም ልጅ ኑራ ስልኳን ይዛ ኩሽና መጣች። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የሰው ጠባይ ነው። ሰው ጭንቀት ሲመጣበት እንዴት እንደሚያየው እየለካች ነው አሉ። በምን? በሜትር?

"አንድ ማለት አይከብደኝም፣ አምስት ማለት ከአቅሜ በላይ ነው" አለችኝ።

ሥራ ሲበዛብሽ? አንድ። ሲቆጡሽ? አንድ። ከአገርሽ ክፉ ወሬ ስትሰሚ? እሱንም አንድ አልኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰው ቤት ተቀምጦ ከበደኝ ይባላል? እኛ ያደግነው ሆድ ይፍጀው እየተባልን ነው።

ማክሰኞ
ጠየቅኩ! ሩዝ እያጠብኩ። ማዳም ሳቀች፣ በክፋት አይደለም።

"ኑራ ነግራኛለች፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ ጠንካራዋ አንቺ ነሽ። እኔ እንኳን አራት ነኝ። ሳልዋ ሰፈር ያለችው እህቴ ልትወልድ ነው። እሷ ከአራስ ቤት ትውጣና ትሄጃለሽ።"

አንድ፣ አንድ እያልኩ ራሴን አሰርኩ። በማን ልናደድ?

ረቡዕ
ሳልዋ ወስደውኝ የእህትየዋን መጋረጃ ሳጥብ ዋልኩ። እማ ስልክ አታነሳም። ጎረቤቷ "ሲያማት አደረ" አለችኝ። ከዚህ ሆኜ ምን አደርጋለሁ?

ሐሙስ
ልብሷን እየተኮስኩ ኑራን ያዝኳት። "እንደገና ጠይቂኝ" አልኳት።

"አይሆንም፣ እውነተኛ ጠባይሽን የሚያሳየው የመጀመሪያው መልስሽ ነው።"

"ዋሽቼሽ ነው" ስላት ደነገጠች። የእናቴን ነገር ዘረገፍኩት። አምስት፣ አምስት፣ ሁሉም አምስት። አለቀስኩ። የእሷም ዓይን ቀላ። "ለእናቴ እኔ እነግርልሻለሁ" አለች። ስንት ቀን የተጫነኝ ነገር ቀለል አለኝ፣ እራትም በላሁ።

ዓርብ
ነገረቻት። ማዳም ሳሎን አስጠራችኝ። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ይህን ያህል ከጨነቀሽማ ከሄድሽ አትመለሺም፣ ስለዚህ ቆዪ" አለች። ኑራ መሬት መሬት ታያለች።

ስችል "ትችያለሽ፣ ቆዪ።" ሳልችል "አትመለሺም፣ ቆዪ።" እማ ደግሞ እዚያ እኔን እየጠበቀች ነው።

ነገ እንደገና እጠይቃለሁ። በየትኛው ፊቴ እንደምጠይቅ ግን አላውቅም፣ በሚችለው ይሁን በማይችለው።