ከመካ ስትመለስ የምትጮኸው መኪና

ሰኞ

ዛሬም ጮኸች። በተፍቲሹ፣ በመንገዱ ፍተሻ ጣቢያ፣ ፈታሹ ወታደር አንገቱን በመስኮት ባስገባበት ሰዓት። ሙሄ ይህን የነገረኝ ጫማውን ደጃፌ ላይ አውልቆ፣ እንደ ልማዱ ከመካ ያመጣልኝን የተባረከ የዘምዘም ውሃ በሁለት እጁ ካቀበለኝ በኋላ ነው። ተቀመጥ ካልተባለ አይቀመጥም። ይህን እወድለታለሁ።

ነገሩ እንዳይምታታብኝ ከሥሩ ልጻፈው። ሙሄ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር የኮምቦልቻ ሰው ነው። የከፊሉን፣ የአሠሪ ዋሱን፣ ጂብ ይነዳል። ጂብ የሚሉት አራቱም ጎማ የሚጎትተውን ረጅሙን የበረሃ መኪና ነው። በእሷ ከጅዳ መካ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። አሮጌ ናት፤ ሆኖም እንደ እሷ የተያዘ መኪና በሰፈራችን በበግዳዲያ አላየሁም። ምንጣፏ ላይ ሩዝ ቢፈስ አንስቼ እበላለሁ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን አስጠንቃቂ ደወሏ ይጮኻል። ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል። ምን እንደ ጎደላት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የእህቴ ልጅ ሰዓዳ መካ ነች፣ ኩዳይ ሰፈር። ሐጃጆች በሚያርፉበት ሆቴል አንሶላ ታጥባለች። ከፊሏ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ ሳያሳድስላት ጠፋ። እዚህ ጅዳ ልጆቿን ያሳደግሁላት መዳም በራሷ ስም ልታዞራት ተስማምታለች። መንግሥት ኢቃማ ለሌላቸው የሰጠው ምሕረት የሚያልቀው እሑድ፣ ቀጠሮ የተገኘውም ለእሑድ። ሰዓዳ ራሷ ቀርባ አሻራ መስጠት አለባት። ያ ካለፈ እስር ቤት ነው፣ ከዚያ አውሮፕላን። ምሕረት ነው ቢባልም መንገድ ላይ የሚቆመው ወታደር እንደ ቀኑ ነውና ቅዳሜ ሙሄ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቶ ነበር።

ዛሬ ግን "እትዬ ከድጃ፣ ይቺ እየጮኸች ሰዓዳን አልጭናትም" አለኝ። "እኔ ኢቃማዬን አሳይቼ አለፍኩ። እሷ ምን ታሳያለች?"

ተናደድኩ። ግን እውነቱን ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ወንበሬን አስወርጄ በጥላው በኩል መኪናዋ አጠገብ ተቀመጥሁ።

የተማርኩት ደሴ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ደወል ነበረን፤ አንዱ ለክፍል፣ አንዱ ለምግብ። ደወል ያምታታች ልጅ ምሳዋን ቆማ ትበላ ነበር። ጆሮዬ የተሠራው እዚያ ነው፤ እስካሁን አልከዳኝም።

ሙሄን አንድ በአንድ አስደረግሁት። ሞተሩን አስነሣ። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፤ ልቀቅ። መብራቱን አብርተህ ቁልፉን ንቀል። በር ክፈት፤ ዝጋ። የሚቀጥለውን። ሰውየው አንድ ጊዜ እንኳ አላጉረመረመም። ከማዶ ያለው የመናዊ ባለ ምግብ ቤት "ሙሄ! ሐጃ መንጃ ፈቃድ እየፈተነችህ ነው?" ብሎ ጮኸ።

"ወድቄያለሁ" አለው ሙሄ። "ነገ እደግማለሁ።"

የግራው የኋላ በር! ስትገፋው የተዘጋ ይመስላል፤ አልተዘጋም። ትንሽ ከፍ አድርጎ መግፋት ይፈልጋል። አለዚያ ዝግ ብሎ ይደውላል፤ ቲን… ቲን… ልክ እንደ ምግብ ደወላችን። ሙሄ ከፍ አድርጎ ዘጋው። ጸጥ። አጨበጨበልኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ባላሳየውም።

ለሰዓዳ ደወልኩላት። የሚኖሩበት ክፍል ማታ በሩ እንደማይቀረቀር ነገረችኝ፤ ሴቶቹም ጫማቸውን አድርገው ነው የሚተኙት። "ለሩጫ ነዋ፣ አክስቴ! መቀርቀሪያ ስንፈልግ ፖሊስ ይቀድመናል" አለች እየሳቀች። በዚህ የምትስቅ ልጅ። እናቷም እንዲህ ነበረች።

ቅዳሜ ትመጫለሽ አልኳት።

ረቡዕ

ቸኮልኩ። ዛሬም ከመካ ሲመለስ ጮኸች።

በሩን ከፍ አድርጌ ዘግቻለሁ ብሎ ማለ፤ ሙሄ በከንቱ አይምልም። "ያኛው ደወል አይደለም፣ እትዬ። ይኼኛው ይቸኩላል። ቲንቲንቲን ነው የሚለው።" ስለዚህ ሁለት ደወል አለን። አንዱን አግኝተን ሁለቱን ያገኘን መስሎን ነበር።

ስትሄድስ ጮኸችብህ? አልጮኸችም። ባለፈውስ? ስትሄድ ጮኻ አታውቅም። ሁልጊዜ ከመካ ስትመለስ ነው። ቀደም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከቀትር በኋላ ሸረፊያ ሰፈር ወደሚያውቀው ወርሻ፣ ጋራዥ፣ ወሰዳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ባዶዋን ሰፈሩን አዞራት። ዝም። "ሽቦውን ልቁረጠው፣ ኸላስ፣ ዕድሜ ልኳን አትጮኽም" አለው።

ሙሄ እምቢ አለ። "ነገ እውነተኛ ነገር ሲጎድላት በምን ትነግረኛለች?" ብሎት መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ቀኑ እንዲህ አጥሮ፣ አስቆርጦ ይገላገል ነበር። አገር ቤት ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ቢመልስልኝ ኖሮ ቆሜ አጨበጭብለት ነበር።

ዳቦ ልገዛ ስወርድ ባለ ሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "እትዬ፣ ኢቃማ የሌለው ሰው ሲገባ የምትጮኽ ነገር ገጥመውባታል አሉ። ተፍቲሹ ላይ ነው የሚገጥሙት።"

"ሙሄ ኢቃማ አለው። ብቻውን ሲመጣ ለምን ትጮኽበታለች?"

"ትሳሳታለቻ! መሣሪያ አይደለች?"

ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ግን ልቤ ትንሽ ፈራ። የማልዋሽበት ቦታ ይህ ነውና ልጻፈው፤ ፈራሁ።

ሐሙስ

አብሬው ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥሁ፤ ለመስማት ከኋላ ይሻላል።

ሲሄድ ዝም። ሙሄ ሲነዳ ስልክ አያነሣም፣ ያለ ጉዳይ ጡሩምባ አይነካም። ሌላው እየጋለበ ሲያልፈው "ይሂድ፤ ቸኩሏል" ብሎ መንገድ ይለቃል። ይህ ሁሉ መኪና በሚጣደፍበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ማየት ያኮራል።

ኩዳይ ዕቃውን አራገፈ። ሰዓዳን አላገኘኋትም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ከዚያ ሙሄ ትልቁን ጀሪካን ዘምዘም ሞላ። ለእኔ ብቻ የሚያመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በሕንፃችን ላሉት አቅመ ደካሞች ሁሉ ያድላል። ለማንም አልተናገረም። ጀሪካኑን ጠራርጎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠውና ተነሣን።

ብዙም ሳንርቅ ቲንቲንቲን።

በሩን ፈተሽኩ፤ ተዘግቷል። የእጅ ፍሬኑ? ለቅቄዋለሁ አለ። ነዳጅ? ሙሉ ነው። ቲንቲንቲን። የሙሄ አንገት በላብ ራሰ።

ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት ቆምን። ሰግደን ስንመለስ ውሃ ጠማኝ። ከጀሪካኑ ቀድቶ ሰጠኝ፤ እደግም ይሆናል ብዬ ጀሪካኑን ከእኔ አጠገብ፣ እግሬ በማይደርስበት፣ የኋላው ወንበር ላይ አኖርሁት። ሄድን። ሄድን።

"ሙሄ፣ አትጮኽም እኮ።"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ እትዬ፤ ይተዋታ።"

"ተዋት የሚባል መልስ የለም። ዳር ይዘህ አቁም።"

ጀሪካኑን ወደ ፊት መለስነው፤ ጮኸች። ወደ እኔ አመጣነው፤ ዝም። ደግሞ ወደ ፊት፤ ጮኸች። ሙሄ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። መኪናዋ ጀሪካኑን ሰው መስሏት ኖሯል፤ ቀበቶውን ያላሰረ ሰው! የኋላው ወንበር ግን አይመዝንም።

ድሮ ለምን አልጮኸችም? ድሮ ጀሪካኑን ከወንበሩ ሥር ነበር የሚያኖረው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አይቼ "ዘምዘም እግር በሚረግጥበት አይቀመጥም!" ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልልም። ሥርዓቱ ልክ ነው። ቀበቶውን ማሰር ነበረበት።

የቀበቶ መብራት ይኖራታል፣ የታለ ስለው ዳሽቦርዱን አሳየኝ። የጉዞ ዱዓ የተጻፈበትን ወረቀት ልክ መብራቱ ላይ ለጥፎበታል።

"ያላ፣ ሐጂ፣ ቀበቶዎን" እያለ ጀሪካኑን አሰረው። ጅዳ እስክንገባ ድምፅ የለም። ደጃፌ ላይ "ሰዓዳን ቅዳሜ አመጣታለሁ፣ እርስዎም አብረውን" አለኝ። ብቻዋን ከባዕድ ወንድ ጋር መምጣት አይገባትምና መጀመሪያም የምለው ይህንን ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ በሞቀ ውሃና በጨርቅ የዱዓውን ወረቀት ሳይቀደድ ላጥኩት። ከመስታወቱ በላይ፣ መብራት የማይጋርድበት ቦታ፣ ቀጥ አድርጌ ለጠፍኩት። ሙሄ መጀመሪያም ያጣመመው ነበር፤ በመኪናዋ ያገኘሁበት ብቸኛ ጉድለት።

ለሰዓዳ፦ ጥቁሩን ዐባያ ልበሺ፣ ዕቃ አታብዢ፣ ቁርስ ብዪ። "እሺ፣ አክስቴ" አለች። ዛሬ አልሳቀችም።

ቅዳሜ

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ኩዳይ ስንደርስ ሰዓዳ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከስታለች። ጀሪካኑ ፊት ታስሮ ተቀምጧል፤ እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ ከኋላ ገባን። ሙሄ በሯን ከፍ አድርጎ ዘጋላት። ለዚያ ሁሉ መንገድ መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

ተፍቲሹ ጋ ረጅም ሰልፍ። ከፊታችን ካለው መኪና ወጣቶች አወረዱ። የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ከአረማመዳቸው ይታወቃሉ። ዳር አስቀመጧቸው። ተራችን ደረሰ፤ ወታደሩ ወደ እኛ መራመድ ጀመረ።

ቲን… ቲን…

ሙሄ ዞሮ የጀሪካኑን ቀበቶ አየ። ታስሯል። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን ድምፁን አወቅሁት። ዝግ ያለው ነው፤ የምግብ ደወል። ወደ ግራ ስዞር የሰዓዳ እጅ የበሩን መክፈቻ ስቧል። ልትሮጥ ነው። ጠፍ በረሃ ላይ፣ በጠመንጃ ፊት!

ጉልበቷን ያዝኩ። "በሩ ነው የሚጮኸው። አንቺ አይደለሽም። ቁጭ በይ።"

እጇን አነሣች። በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ቀረ፤ ወታደሩም ደረሰ። "ምንድን ነው የሚጮኸው?" ሙሄ መዋሸት አያውቅበትም። መዳሞቹ ቤት ባወቅሁት ዓረብኛ እኔ መለስኩ፦ "የኔ ልጅ፣ በሩ ነው። አርጅቷል እንደ እኔው። አልደርስበትም፤ እባክህ ከፍ አድርገህ ዝጋልን።"

ወደ እኔ አየ። ከዚያ ዓይኑ የፊት ወንበር ላይ ቀረ።

"ይኼ ማነው?"

"ዘምዘም ነው" አለው ሙሄ።

"ኢቃማ አለው?"

"ቀበቶ አለው።"

ወታደሩ ከት ብሎ ሳቀ። ወጣት ነው፤ ጺሙ ገና እየወጣ ነው። የሰዓዳን በር በራሱ እጅ ከፍ አድርጎ ዘጋው። ጸጥ። "ዱዓ አድርጊልኝ፣ ሐጃ። ያላ፣ እለፉ።"

ተፍቲሹን ካለፍን በኋላ ሙሄ "እትዬ፣ ያን ሽቦ አስቆርጬው ቢሆን ኖሮ፣ በሩ ተከፍቶ ስንሄድ ልጅቷ ትወድቅ ነበር" አለ። ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እሷ አሰበ። ሰዓዳ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች፤ አልከለከልኳትም።

ለወታደሩ ዱዓ አድርጌለታለሁ። ዳር ለተቀመጡት ልጆች አስበልጬ።

እሑድ

አሻራ የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ደጅ ከንጋት ጀምሮ ሰልፍ። መዳም ቃሏን ጠብቃ መጣች። ሰዓዳ ልትደርስ ስትል ጨቅላ ላዘለች ሴት ተራዋን ሰጠች። ሰልፉ ውስጥ ተቆጣኋት፤ ቀኑ ዛሬ ነው፣ በሩ ሊዘጋ ነው ብዬ። "አክስቴ፣ ለእሷም ዛሬ ነው" አለችኝ። ይህን እኔ አላስተማርኳትም፤ አስተምሬያት ቢሆን ግን እኮራ ነበር።

አሻራ ሰጠች። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጧት። ኢቃማው ራሱ ገና ነው፤ ተመለሱ ተብለናል። ወረቀቱ እስከዚያ ያስጥል እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሰኞ

ምሕረቱ አልቋል። ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት ስነሣ በሸረፊያ በኩል የፖሊስ ሳይረን ይሰማል። ብዙ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ሰዓዳን ነው። ተኝታለች፤ ወረቀቱ ትራሷ ሥር ነው። ጫማዋ አልጋው ላይ ከእግሯ ጋር የለም፤ ደጃፉ ላይ፣ ከእኔ ጫማ አጠገብ ተስተካክሎ ተቀምጧል። በሩ ተቀርቅሯል። እኔ አልቀረቀርኩትም።

ታች ሙሄ ሞተር አስነሣ። ቲን… ቲን… በመስኮት ብቅ አልኩ፤ መናገር ሳያስፈልገኝ ወርዶ የግራውን በር ከፍ አድርጎ ዘጋው፤ ቀና ብሎም እጁን አነሣልኝ።

ሳይረኑ አሁንም ይሰማል። ልጅቷን አልቀሰቅሳትም፤ ትንሽ ትተኛ።