ስለ ቅድመ አያቴ ትርፍ አሥራ ሁለት ዓመት

ለክቡር አቶ ፊንታን ኬሪጋን፣
የድሩምካራ የጥንት መቃብሮችና የሞት መዛግብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ወንበርዎም እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። ዕድሜ ይስጥዎ። ስንት ዓመት እንደሆነ ግን አልወስንም፤ በእርስዎ ቢሮ ዕድሜ ያለ ሁለት ማስረጃ እንደማይነገር ዘንድሮ በሚገባ ተምሬያለሁና።

ዊኒፍሬድ ጊልገን እባላለሁ፤ የኪልታፍና ፖስታ ቤት ጡረተኛ ነኝ። የዘጠና ሦስት ዓመቷ አክስቴ ዴሊያ፣ ከፋሲካ በፊት ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡባት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በአሮጌው የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ እናቷ ኖራ ባለችበት መቃብር መቀበር። ኖራ የሞተችው ዴሊያ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው። «ዊኒ፣ ፊቷ እንኳ ትዝ አይለኝም። እሷ ጋ አስተኚኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላስቸግርሽም» አለችኝ። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ አልኳት፤ ያኔ ቢሮዎን አላውቀውማ።

ግቢው የተዘጋ በመሆኑ፣ እዚያ ለመቀበር በመቃብሩ አስቀድሞ የገባው ሰው ዘር መሆንን በሞት መዝገብ ማስረዳት ግድ ነው። አስቀድማ የገባችው የኖራ እናት፣ ቅድመ አያቴ ሳቢና ፊሊ ናት። ውድ ጊዜዎን እንዳላባክን ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የኖራ የቀብር መዝገብ የት እንዳለ ብጠይቅ፣ ጸሐፊዎ ቀና ሳይሉ «በ1922 በዋና ከተማው እሳት ተቃጥሏል» አሉኝ። ኖራ የተቀበረችው በ1933 ነው። ገና ያልተጻፈ ወረቀት አሥራ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሚያቃጥል ቢሮ በዓለም ላይ ስንት ይኖራል? እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፤ የሳቢናን የሞት መዝገብ ግን አገኘሁት፤ በ1920፣ ዕድሜ ሰማንያ ሁለት። እርስዎም የጥምቀት መዝገቧን አስተያይተው በ1849 መጨረሻ የተጠመደች... ይቅርታ፣ የተጠመቀች ሴት በ1920 ሰባ ዓመቷ ነውና «ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው» ብለው ጻፉልኝ። ወይ ጉድ! ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የተወለዱት እዚሁ አገር አይደለም እንዴ? በ1909 መንግሥት ለሰባ ዓመት ሰው ጡረታ ሲፈቅድ መላው አጥቢያችን በአንድ ወር ውስጥ እንዳረጀ የማያውቅ ማን አለ? ሳቢና በ1901 ቆጠራ ሃምሳ አንድ ነበረች፤ በ1911 ቆጠራ ሰባ ሦስት። የጡረታው ሹም ዕድሜዋን ለማጣራት «የታላቁን ነፋስ ዓመት ታስታውሺያለሽ ወይ?» ቢላት፣ «እንዴት አላስታውስ ጌታዬ! ኮፍያዬን የነጠቀኝ እሱ አይደል?» አለችው። ነፋሱ የነፈሰው እሷ ልትወለድ አሥር ዓመት ሲቀራት ነው። በሞት መዝገቧም ላይ ምክንያቱ «እርጅና፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ» ተብሎ ተጽፏል፤ እርጅናው የያዛት ጡረታው በተፈቀደላት ሰሞን ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ባስረዳዎ «መዝገብ አይዋሽም» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ ሲገናኙ ግን ያየሁት ገና አሁን ነው።

እንግዲህ በትእዛዝዎ መሠረት «ትክክለኛዋን» ሳቢና ፍለጋ የአርባ ዓመት የሞት መዝገብ ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። ሌሎች ሦስት ሳቢና ፊሊዎች አገኘሁ፤ አንዷ በአራት ዓመቷ በትክትክ፣ አንዷ በወሊድ፣ አንዷ በሳንባ ነቀርሳ የሞቱ። ለአንዳቸውም የሚያለቅስ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን እዚያው ዴስኩ ላይ አለቀስኩላቸው።

ሦስተኛ፤ ሞቷን ያስመዘገበው ልጇ ባርትሊ ነው። መጻፍ ስለማይችል በስሙ ቦታ የመስቀል ምልክት አድርጓል። ይህ መስቀል የእርሱ ለመሆኑ «ከሌላ ፊርማው ጋር ይመሳከር» ማለትዎን ለጎረቤቶቼ ሳነብላቸው ማላኪ ሩኒ ሻይ ትን አለው።

ከአዲሱ አደባባይ አጠገብ፣ «ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ባለው» መካነ መቃብር ለዴሊያ ቦታ ስለሰጧትም አመሰግናለሁ። ዴሊያ መኪና ነድታ አታውቅም።

እሮብ ማለዳ ዴሊያ ዓይኗን ገልጣ «ወረቀቱ መጣ?» አለችኝ። አልመጣም ነበር። «መጣ» አልኳት። «እሰይ» አለች፣ እጄን ይዛ። ከቀትር በፊት አረፈች፤ ነፍሷን ይማር። የሳቢና ዘር ለመሆኔ ማስረጃ ሲጠይቁኝ ከርመዋል፤ ከዚህ ውሸቴ የበለጠ የለኝም።

አርብ ዕለት ማላኪና ሦስት ጎረቤቶች አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ፈቃድ አለመኖሩን ብነግራቸው ማላኪ «አንቺ ሻይ አፍዪልን፤ የኬሪጋንን ነገር ለእኛ ተዪው» አለኝ። ሲቆፍሩ ከኖራ ሣጥን ላይ የናስ ሰሌዳዋን አገኙ፤ ስሟ፣ አርባ አንድ ዓመት ከሚለው ጋር ይነበባል። ከጎኑ ደግሞ በ1933 የቆፈሩት ሰዎች አንስተው በክብር ያስቀመጡት የሳቢና ሰሌዳ ነበር። ሻዩን ይዤ ስደርስ በእጄ ጠርጌ አነበብኩት፤ «ሳቢና ፊሊ፣ ሰባ ዓመት» ይላል።

አዩ ክቡር ሆይ፣ ባርትሊ ፊደል አልቆጠረም፤ ለመንግሥትዎ ሰማንያ ሁለት ያላትን እናቱን ወደ ፈጣሪዋ ሲልካት ግን እውነቱን አስቀረጸ። የሚዋሸውንና የማይዋሸውን ለይቶ ያውቅ ነበር። የሰሌዳዎቹን ፎቶግራፍ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ሰሌዳዎቹን ራሳቸውን ከባለቤቶቻቸው ጋር መልሰናቸዋል። ቅዳሜ ዴሊያን እናቷ ላይ አስተኛናት።

የእርስዎን ትዕግሥት ሳይሆን የእኛን የፈተኑበትን ጥበብ እያደነቅሁ፣ ለቢሮዎ ጥራትን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለእርስዎም በቀላሉ የሚገኝ መቃብርን ከልቤ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ
ዊኒፍሬድ ጊልገን

ማሳሰቢያ፤ ቀብሩ ሕገ ወጥ ነው ብለው ዴሊያን ለማስወጣት ቢያስቡ መብትዎ ነው። አካፋ ግን ከከተማ ይዘው ይምጡ፤ በዚህ አጥቢያ የሚያውስዎ የለም።