ከዜና አንባቢው ጎን ያለው ጥላ

ጥር 6
ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ቴሌቪዥኑ ፊት። እንደ ሁልጊዜው። ከዜና አንባቢው በስተቀኝ ያ የደበዘዘ ጥላ ቆሟል።
«ዛሬ ደግሞ ቀረብ ብሏል» አለችኝ። አባዬን ነው የምትለው።
«እማዬ፣ እሱ ከሞተ በኋላ ፊት ለፊታችን ፎቅ ተሠራ። ሥርጭቱ ከማማው በቀጥታ ይመጣል፤ ፎቁን ነክቶም ዘግይቶ ይመጣል። ምስሉ ሁለት የሚሆነው ለዚያ ነው።»
«ፊዚክስሽን ለተማሪዎችሽ!»
ከሥር ጽሑፍ ያልፋል። የአናሎግ ሥርጭት በወሩ መጨረሻ ይቋረጣል፤ ወደ ዲጂታል ይቀይሩ። አባዬ ሲጠግን ከወደቀበት ማማ የመጣ ትእዛዝ... ለእኛ!

ጥር 9
አባዬ ይሠራበት ወደነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሄድኩ። የአስተዳደር ኃላፊው ያንኑ መልስ። «የደህንነት ቀበቶ ተሰጥቶታል። ሳያስር ወጣ። አለቃው ማማው ሥር ቆሞ፣ ባዶ ወገቡን ሲወጣ በዓይኑ አይቷል። ጥፋቱ የራሱ ነው።»
«አልተሰጠውም! ቢሰጠው ያስር ነበር።»
«አንቺ ልጅ፣ ምናለ ብትተይን?»
«ስሙን እስክትመልሱለት አልተዋችሁም።»
በሩን አላትሜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም አላየኝም... መሰለኝ።

ጥር 15
አጎቴ የዲጂታል ሪሲቨር ገዝቶ መጣ። እማዬ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ከተተችው።
«ጎረቤት አይቼዋለሁ። ጥላ የለውም።»
«ታዲያ ጥሩ አይደል እንዴ፣ እትዬ?»
«ለማን?»
አጎቴ ኮቱን አነሳ።
እሷ ወጥ ልታማስል ስትነሳ ጥላውን ደህና አድርጌ አየሁት። ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ... አባዬ የመሣሪያ ቦርሳውን ሲሸከም እንደዚያ ነበር። ምን ነካኝ? ፎቁ ነው። ፎቁ!

ጥር 30
ጠፋ። ዜናው መሃል፣ አንባቢው አፉን እንደከፈተ። ከዚያ ነጭ ሹክሹክታ ብቻ። እማዬ አልዘጋችውም።
«ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም» አለች።

የካቲት 2
አንቴና ሠሪ አመጣሁ። አሮጌው ለአዲሱ ሥርጭት አይሆንም፣ ይውረድ አለ። አብሬው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እማዬ ከታች «ቀስ በይ! ኧረ ቀስ!»
ሠሪው ዘንጉን ነቅንቆ ሳቀ። «ይሄን ያሰረው ሰው ከንፋስ ጋር ጠብ ነበረው እንዴ?»
ማሰሪያው ላዩን በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ፈታሁት።
ቀበቶ። ሰፊ፣ ብርቱካናማ። መቆለፊያው ላይ የጣቢያው ማኅተም። ከውስጥ የአባዬ ስም፣ በራሱ እጅ።
ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ንፋስ ነበር። እማዬ ምስሉ ይንቀጠቀጣል ብላ ነጋ ጠባ ትነዘንዘው ነበር። «በቃ ዛሬ አንቴናውን አስርልሻለሁ» አላት። ለአንድ ቀን ብሎ ይሆናል፣ ገመድ እስኪገዛ... በማግስቱ ወደቀ።
ተሰጥቶት ነበር።
«ምን አገኘሽ?» አለች እማዬ ከታች።
«ሽቦ።»

የካቲት 4
ለካ ልክ ነበሩ? ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ?
ቆይ። ባዶ ወገቡን ሲወጣ አለቃው በዓይኑ አይቷል። ራሳቸው ናቸው ያሉት። አይቶስ ምን አደረገ? አልተሰጠውም እያልኩ ስጮህ ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

የካቲት 7
ቀበቶውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። «ልክ ነበራችሁ። ተሰጥቶታል።»
ፊቱ ፈካ።
«አለቃው ባዶ ወገቡን ሲወጣ አይቷል ብለውኛል። አይቶ ምን አለው? ውረድ አለው?»
ብርጭቆውን አነሳ፤ ውሃ የለበትም።
«መልሱን ለዳኛ ይነግሩልኛል።» ቀበቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አልተቀመጥኩም።
ቤት ስገባ አዲሱ ምስል ጥርት ብሏል። እማዬ ከአንባቢው በስተቀኝ አፍጥጣ ቆየች።
«ብቻውን ቀረ» አለች።
አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ።
«ምንድን ነው እንዲህ የከበደሽ?»
«የተማሪዎች ደብተር።»
እንዴት ልንገራት? ምስሉ ይንቀጠቀጣል ያለችው እሷ ናት። ፍርድ ቤት ስንቆም መስማቷ አይቀርም...
ቀና አልኩ። ከአንባቢው በስተቀኝ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ ሰው ቆሟል። አሁንስ ፎቁ ነው ልል ነው?