የሹፌር ምሳ

አሰላ፣ ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የናዝሬት ሙቀት ለወገብ ደግ ነው ይላሉ። እኛ ዘንድ ጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ከተቀመጠ ሰንብቷል፤ ብርዱ አጥንት ይፈልጣል። ልጆቹን አንድ ባንድ ሳሚልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጤናዬን ማለቴ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ በሶ ልኬልሻለሁ። ለምን በባለቤትሽ እጅ እንዳልላክሁት ስታነቢ ይገባሻል።

እትዬ፣ ሥራው ሞቷል። ወደ ባሌ ተራራ አውሬ ሊያዩ የሚወጡት ፈረንጆች ከጦርነቱ ወዲህ ዝር አላሉም። እነዚያ የአልጋ ዋጋ ሳይጠይቁ የሚተኙት፣ ለሁለት እንቁላል ጉርሻ ትተው የሚሄዱት፣ ታስታውሻቸው የለ? ነጋዴውም በየኬላው መፈተሽ ሰለቸውና ቀረ። ቤንዚን በራሽን ሆነ። የቀረን የአውቶቡስ መንገደኛ ብቻ ነው። ቀበሌው ደግሞ ሥራ የፈታ ምግብ ቤት ለኅብረት ሱቅ ይሰጣል ብሎ በስብሰባ ተናግሯል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ዞረው ያያሉ አሉ። ባለቤቴ ሲሞት የተወልኝ ይኸው ቤት ነው። እሱ ከሄደ የት ልገባ ነው?

ዋጋችን በቀበሌው ተተምኖ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አልጋ ሁለት ብር፣ ቀይ ወጥ አንድ ብር። ከዚያ በላይ መሸጥ ያሳስራል። ከዚያ በታች መሸጥ ግን አያሳስርም፤ መከራውም እሱ ነው። አንዷ አምስት ሳንቲም ከቀነሰች ሌላዋ አሥር ትቀንሳለች፣ ከዚያ ሁላችንም ድስታችንን ደፍተን መቀመጥ ነው። ስለዚህ እኔና ፊት ለፊቴ ምግብ ቤት ያላት አሰፋሽ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመን ተማማልን። ገበያው ቢብስ ሥጋውን እናሳንሳለን እንጂ ዋጋውን አንነካም አልን። ድስት ከፍቶ ሥጋ የሚቆጥር ቀበሌ መቼም የለም።

የሹፌሩን ነገር ላንቺ ለሹፌር ሚስት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሹፌር በመንገድ ላይ ምግብ ቤት አይከፍልም። ሒሳብ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው፤ ይዞልን የሚመጣው ሃምሳ አፍ ነዋ! ደህና አድርጎ የበላ ሹፌር ተመልሶ ይመጣል። ባለቤትሽ በዛብህ ወደ ጎበሳ ሲወጣ ማክሰኞና ቅዳሜ ምሳውን እኔ ዘንድ ሲበላ ስንት ዘመኑ! የእህቴ ባል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ደንብ ነው።

እንግዲህ ስሚኝ። ከፋሲካ ወዲህ በዛብህ ደጄን አልፎ አሰፋሽ ደጅ መቆም ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አልኩ። በሚቀጥለው ደግሞ ሰላም እንኳ ሳይለኝ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሃምሳው መንገደኛ ተከትሎት ገባ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ወጤ ሲቀዘቅዝ አየሁ።

አሰፋሽ በስውር ዋጋ ቀንሳለች አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? በመካከላችን ጎማ የሚለጥፈውን ጎሚስታ ሁሴኖን ለመንኩት። እሱ እስላም ነው፣ የኛን ሥጋ አይበላም፤ ብቻ ሻይ ጠጥቶ ወሬ እንዲያመጣልኝ ነው። ተመልሶ መጣና ወላሂ ዋጋው ያው ነው፣ ሥጋውማ እንዲያውም ካንቺ ያነሰ ነው አለኝ። አላመንኩትም። ሻዩን በነፃ አጠጥታው ይሆናል ብዬ እሱንም ጠረጠርኩ። ቀጥሎ መድኃኒት አድርጋበታለች አልኩ። ይግረምሽና አንድ ቅዳሜ ድስቷን የምታማስልበትን እጇን በመስኮት ሳይ ዋልኩ።

በመጨረሻ መሐላዬን አፈረስኩ። ኖራ በጥብጬ በበሬ ላይ «ቀይ ወጥ ሰባ አምስት ሳንቲም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ኖራው ሳይደርቅ አሰፋሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መንገዱን ተሻግራ መጣች። የገብርኤልን ስም የበላሽ ከሃዲ አለችኝ። እኔም አልተኛሁላትም፤ አንቺ ሹፌር በምን እንደምትጎትቺ ሳይታወቅ ስለ ገብርኤል ታወሪያለሽ ወይ አልኳት። ይሄኔ እንደ እብድ ሳቀች። ለበዛብህ አንዲት ጉርሻ በነፃ ሰጥቼው አላውቅም፣ እንደማንም መንገደኛ ከፍሎ ነው የሚበላው አለች።

ሹፌር ከፈለ ከምትይኝ በሬ ወለደ በይኝ አልኳት።

ሁሴኖ ጎማውን እንደያዘ ተነስቶ እውነቷን ነው አለ። ብሩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ በዓይኑ አይቷል። ጉዳዩ ቢገርመው ሹፌር ደግሞ መቼ ነው መክፈል የጀመረው ብሎ ጠይቆታል። በዛብህም፣ የቤቴ ሰው የእህቷን ምሳ አልወደደችውም፤ እዚያ ደጅ እንዳልቆም፣ የትም ብሆን ከፍዬ እንድበላ በማርያም አስምላኛለች ብሎ መለሰለት። ሁሴኖ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነበር። አሰፋሽም ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታች። እሷ ከምታዝንልኝ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ውሃ አምጥቼ ኖራውን አጠብኩት። አሰፋሽንም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለመሐላውም ለእጇም።

እትዬ፣ ሰው ሁሉ ተጠርጥሮ ካለቀ በኋላ አንቺ ቀረሽ። አንቺን እንዴት ልጠርጥር? በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አይደለሽም ወይ? ጥምቀት ዕለት መጥተሽ ለበዛብህ ቅልጥሙን ሳወጣለት ዓይንሽ ሳህኑ ላይ ነበር። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» አልሽና ሳቅሽ። እኔም ቂሏ አብሬሽ ሳቅሁ።

ምነው ጠርተሽ ብትጠይቂኝ? እናታችንን ይዤ እነግርሻለሁ፣ ምሳ ነው፤ ከምሳ ያለፈ ነገር የለም። ሽንኩርቱን እስኪጠፋ የማቁላላው ያልበሰለ ሽንኩርት ሆዱን ስለሚነፋው ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ፀጉሬን የምሠራው መንገደኛ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ ነው። ቅልጥም ለሹፌር ማውጣትም የቤቴ ደንብ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮችስ ያገኛሉ ወይ ብለሽ ብቻ አትጠይቂኝ።

ተቀይሜሻለሁ፤ አልደብቅሽም። ቢሆንም ቤቴ ሊሄድብኝ ነውና እለምንሻለሁ። ከመሐላው ፍቺውና እዚህ ይቁም። ይክፈል! ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈውን አንድ ብር እንደማንም ሰው ይክፈል፤ አምስት ሳንቲም አልቀንስለትም። ሥጋውም እንደማንም ሰው ይሆናል። ከፈለግሽ አብረሽው ነይና ሳህኑን ራስሽ አቅርቢለት፤ እኔ ከጓዳ አልወጣም።

ይህን ሁሉ እምቢ ካልሽም አንዲት ነገር እሺ በይኝ። ዳገቱን ጨርሶ ወደ ከተማው ሲገባ ያችን ጡሩምባ እንዳይነፋት አድርጊልኝ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረዥም ናት። ደጄን ማለፍ ከጀመረ ወዲህም አልተዋትም። እኔም እየሰማሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ድስቱን ጥጄ ነጠላዬን አስተካክዬ ደጅ እወጣለሁ። ከዚያ አሰፋሽ ደጅ ሲቆም አያለሁ።

ሁሴኖ ለጎማ ማጣበቂያ ሊገዛ ናዝሬት ስለሚወርድ ደብዳቤውን በእጅሽ ይሰጥሻል። መልሱንም ለእሱው ስጪው፣ ለሌላ ሰው አትስጪ። ወገብሽን ማርያም ትዳብስልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፤ ትዳርሽንም ትጠብቅልሽ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

የእናትሽ ልጅ፣
ታናሽ እህትሽ